የጭንቀት የንግግር ሕክምና አንጎል ውስጥ ምን ይሠራል?

ጭንቀት አላስቀምጥ አላስተኛ ያለው ሰው ሐኪም ዘንድ ሄዶ "የንግግር ሕክምና ብትጀምር ጥሩ ነው" ሲባል ብዙ ጊዜ ቅር ይለዋል። "ወሬ ምን ያደርግልኛል? መድኃኒት ስጡኝ እንጂ!" ይላል። ቅሬታው ይገባኛል። ሰውየው ልቡ ሲመታ፣ እጁ ሲያልበው፣ ሌሊቱን ሲገላበጥ የከረመ ነው። ሕመሙን የሚያውቀው በሰውነቱ ነው። ጨጓራ ነው ተብሎ ታክሟል። ልብ ይሆናል ብሎ ተመርምሯል። "ነርቭ ነው" ያለውም አለ። አሁን ደግሞ ቁጭ ብለህ አውራ ይሉታል። ማውራቱንማ ከጓደኛውም፣ ከእህቱም፣ ከንስሐ አባቱም ጋር ሲያወራ ኖሯል።

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። በሥርዓቱ የተሰጠ የንግግር ሕክምና አንጎል ውስጥ ለውጥ ያመጣል። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። ሰዎች ከሕክምናው በፊትና በኋላ የአንጎል ምስል ተነስተው ልዩነቱ ታይቷል። ለውጡ የሚመጣበት መንገድም በከፊል ታውቋል። መንገዱን ማወቅ ለታካሚው ራሱ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ሕክምናው የሚፈራውን ነገር እንዲያደርግ ይጠይቀዋል። ለምን እንደሚጠየቅ ካልገባው መሃል ላይ ጥሎት ይሄዳል።

(እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጭንቀት እንዴት ሥር ይሰዳል

አንዲት ወጣት እናስብ። ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ናት። ይሞቃል፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ መንገዱም አልንቀሳቀስ ብሏል። ቁርስ አልበላችም፤ ሁለት ሲኒ ቡና ግን ጠጥታለች። ድንገት ልቧ መዝለል ይጀምራል። አየር ያጥራታል። ጣቶቿን ይነዝራታል፣ ያዞራታል። "አለቀልኝ፣ መሞቴ ነው" ትላለች በልቧ። "ወራጅ አለ!" ብላ ትወርዳለች። አስፋልት ዳር ጥቂት ደቂቃ እንደቆመች ይለቃታል።

በእነዚያ ደቂቃዎች አንጎሏ ብዙ ሠርቷል። በግራና በቀኝ፣ ከጆሮ ግንድ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ አሚግዳላ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። አደጋ የሚመስል ነገር ሲመጣ ቀድመው ከሚነቁት አንዱ ነው። የኒውዮርኩ ተመራማሪ ጆሴፍ ሌዱ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአይጦች ላይ ባደረገው ጥናት፣ መረጃ ወደ አሚግዳላ የሚደርስባቸው ሁለት መንገዶች እንዳሉ አሳይቷል። አንደኛው አጭርና ፈጣን ነው፤ ነገሩን ሳያጣራ ያሳልፋል። ሁለተኛው በላይኛው የአንጎል ክፍል ዞሮ ይመጣል፤ ይዘገያል፣ ግን የተጣራ መረጃ ይዞ ነው። ሰውነታችን ምን እንዳስደነገጠን ሳናውቅ ቀድሞ የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

አሚግዳላ ሲነቃ ሃይፖታላመስ የተባለውን ክፍል ይቀሰቅሳል። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ፤ ትንሽ ቆይቶ ኮርቲሶል ይከተላል። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይበዛል። ትንፋሽ ከሚገባው በላይ ሲበዛ ደግሞ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። ጣት የሚነዝረው፣ ራስ የሚያዞረው በዚህ ነው። ስሜቱ ሞት የመጣ ያስመስላል፤ ፓኒክ አታክ የሚባለው ይህ ድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል ራሱ ግን አይገድልም። የጠጣችው ቡናም አግዟል። ለፓኒክ የተጋለጠ ሰው ላይ ካፌይን ሲበዛ ስሜቱን ሊቀሰቅሰው ይችላል። ጫትም እንዲሁ ልብን የሚያፈጥን ነገር ነው።

ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል ደግሞ ቦታውን ይመዘግባል። ሚኒባሱን፣ የተዘጋውን መስኮት፣ የቆመውን መንገድ። በማግስቱ ልጅቷ ታክሲ ተራ ስትደርስ ገና ሰልፉን እንዳየች ልቧ ይመታል። ትመለሳለች። እፎይ ትላለች።

ትልቁ ጉዳት ያለው እዚህ እፎይታ ላይ ነው። አንጎሏ "ያልሞትኩት ስላልተሳፈርኩ ነው" የሚል ትምህርት ወሰደ። በሚቀጥለው ሳምንት እህቷ ካልተከተለቻት አትሳፈርም። ከዚያ በእግር መሄድ ትጀምራለች። ከዚያ ሥራ መቅረት ይመጣል። ታክሲው ውስጥ ብትቆይ ስሜቱ በራሱ ጊዜ እንደሚበርድ አንጎሏ የማየት ዕድል አላገኘም። በሸሸች ቁጥር ፍርሃቱ ማስረጃ ያገኘ ይመስለዋል።

አሚግዳላ የፍርሃት ሁሉ ምንጭ ነው የሚል ንግግር በየቪዲዮው ይሰማል። ነገሩ ያን ያህል ቀላል አይደለም። በአሜሪካ፣ በሕክምና ጽሑፎች ላይ ኤስኤም ተብላ የምትታወቅ ሴት ሁለቱም አሚግዳላዎቿ በሕመም ተጎድተዋል። እባብም ሸረሪትም አያስፈሯትም። ሆኖም በ2013 በታተመ ጥናት 35 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት አየር እንድትስብ ሲደረግ ከባድ ፓኒክ ያዛት። ከውጭ የሚመጣ ፍርሃትና ከራስ ሰውነት ውስጥ የሚነሳ ፍርሃት አንድ መንገድ ብቻ አይጠቀሙም ማለት ነው። የልብ ምትንና ትንፋሽን የሚያዳምጥ ኢንሱላ የሚባል ሌላ ክፍልም አለ። ጭንቀት ያለበት ሰው ላይ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ ንቁ ሆኖ ይገኛል።

ከግንባር ጀርባ ያለው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ ነገሩን የሚመዝነው ነው። "ይህ ሚኒባስ እንጂ እሳት አይደለም" የሚለው እሱ ነው። ከአሚግዳላ ጋር የሚያገናኙት የነርቭ መስመሮች አሉት። መልእክቱ በደንብ ሲደርስ አሚግዳላ ይረጋጋል። የንግግር ሕክምና ዋና ሥራ ያለው በዚህ ግንኙነት ላይ ነው።

የድሮው ፍርሃት አይፋቅም

ይህ ክፍል ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ነው። ብዙ ታካሚዎች ተስፋ የሚቆርጡት ይህንን ስለማያውቁ ነው።

ሩሲያዊው ፓቭሎቭ ውሾቹን ድምፅ እያሰማ ያበላቸው ነበር። በኋላ ድምፁን ብቻ ሲሰሙ ምራቃቸው መፍሰስ ጀመረ። ድምፁን ያለ ምግብ ደጋግሞ ሲያሰማቸው ግን ምራቁ ቆመ። ረሱት ማለት ነው? አልረሱም። ጊዜ ሰጥቶ ድምፁን እንደገና ሲያሰማቸው ምራቁ ተመልሶ መጣ። የመጀመሪያው ትምህርት ውስጥ ለውስጥ ነበር።

ፍርሃትም እንዲሁ ነው። በ2002 ሞሐመድ ሚላድና ግሪጎሪ ኩዊርክ የተባሉ ተመራማሪዎች በፖርቶ ሪኮ በአይጦች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። አይጦቹ መጀመሪያ አንድን ድምፅ ከኤሌክትሪክ ንዝረት ጋር አያይዘው መፍራት ተማሩ። ቀጥሎ ድምፁ ያለ ንዝረት ተደጋገመላቸውና ፍርሃቱ በረደ። በማግስቱ ድምፁ ሲሰማ በፊተኛው የአንጎል ክፍል ውስጥ ያሉ የተወሰኑ የነርቭ ሴሎች መልእክት ማመንጨት ጀመሩ። እነዚህ ሴሎች ይበልጥ በሠሩባቸው አይጦች ላይ ፍርሃቱ ያነሰ ነበር። ተመራማሪዎቹ እነዚያን ሴሎች በኤሌክትሪክ ሲቀሰቅሱም ፍርሃቱ ቀነሰ። መረጋጋት፣ ከፍርሃቱ ጎን የተቀመጠ የራሱ ትዝታ አለው ማለት ነው። ሁለቱ ይፎካከራሉ።

ውጭ አገር የሚኖር ሰው ይህን ከራሱ ያውቀዋል። ሃያ ዓመት ዋሽንግተን የኖረ ሰው ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ይሠራል፣ ይከራከራል። አማርኛው ግን አልጠፋም። መኪና ድንገት ሲጠመዝዝበት ከአፉ የሚወጣው "በስመ አብ!" ነው። አዲሱ ቋንቋ በልምምድ ተገንብቶ ከላይ ተቀምጧል እንጂ የመጀመሪያውን አላፈረሰም። የንግግር ሕክምና የሚሰጠው መረጋጋትም በአንጎል ውስጥ የሚቀመጠው በዚህ መልክ ነው።

በቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ የሠራው ማርክ ባውተን አንድ ነገር ጨምሯል። አዲሱ የመረጋጋት ትምህርት ከተማርንበት ቦታ ጋር በጣም የተጣበቀ ነው። ፍርሃቱ ግን በየቦታው ይከተለናል። ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ብቻ የተረጋጋ ሰው ወደ ገበያ ሲወጣ እንደገና ሊደነግጥ ይችላል። ስለዚህ ልምምዱ በተለያየ ቦታ፣ በተለያየ ሰዓት፣ ከሰው ጋርም ለብቻም መደረግ አለበት።

ከጥንቸሉ ወደ ሲቢቲ

ታሪኩ ረጅም ነው፤ ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት ሦስት ዓመት ሊሞላው ስለተቃረበ ፒተር ስለተባለ ልጅ ጻፈች። ፒተር ጥንቸል ይፈራ ነበር። ጥጥና ፀጉራም ልብስ ሳይቀር ያስለቅሰው ነበር። የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሉን በክፍሉ ዳር አስቀመጠችለት፤ ከዚያ ቀስ በቀስ አቀረበችው። ጥንቸል የማይፈሩ ልጆችም አብረውት እንዲጫወቱ አደረገች። በመጨረሻ ፒተር ጥንቸሉን ይደባብስ ጀመር። በ1950ዎቹ ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ ይህንን ሐሳብ ለአዋቂዎች ሥርዓት አበጀለት። በ1960ዎቹ ደግሞ ፊላደልፊያ ውስጥ አሮን ቤክ የታካሚዎቹን ሐሳብ መመርመር ጀመረ። ሰው የሚጎዳው በነገሩ ብቻ ሳይሆን ለነገሩ በሚሰጠው ትርጉምም እንደሆነ አየ። ቤክ በ2021 በ100 ዓመቱ አረፈ። የሁለቱ መንገዶች ጥምረት ዛሬ ሲቢቲ ይባላል። ለጭንቀት በብዛት የተጠናው የንግግር ሕክምና እሱ ነው።

ከአንጎል ጋር ያገናኘው ሌላ ሰው ነው። ኤሪክ ካንዴል በሥነ አእምሮ ሕክምና የሠለጠነ፣ ኋላ ግን ሕይወቱን የባሕር ቀንድ አውጣ ነርቭ በማጥናት ያሳለፈ ሳይንቲስት ነው። እንስሳው አንድ ነገር ሲማር በነርቭ ሴሎቹ መገናኛ ላይ፣ ማለትም ሲናፕስ ላይ፣ ለውጥ እንደሚመጣ አሳየ። በ2000 የኖቤል ሽልማት ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር አገኘ። ሽልማቱ ከመምጣቱ በፊት፣ በ1979 በጻፈው ጽሑፍ፣ የንግግር ሕክምና ሰውን የሚለውጥ ከሆነ የሚለውጠው የነርቭ ሴሎችን ግንኙነት በመለወጥ ነው ብሎ ተከራክሯል። ያን ጊዜ ይህን በሰው አንጎል ላይ ማየት አይቻልም ነበር።

ምስሉ ምን አሳየ

በ2002 በስዊድን፣ ኡፕሳላ የተደረገውን ጥናት ልንገራችሁ። 18 ሰዎች ተሳትፈዋል። ሁሉም በሰው ፊት መናገር የሚያስጨንቃቸው ናቸው። ተመራማሪዎቹ ሰዎቹ በተመልካች ፊት ንግግር ሲያደርጉ በፔት ስካን የአንጎላቸውን የደም ፍሰት ለኩ። ከዚያ በሦስት ተከፈሉ። ስድስቱ ሲታሎፕራም የተባለ መድኃኒት ጀመሩ። ስድስቱ በቡድን ሲቢቲ ተከታተሉ። ስድስቱ ተራ ጠበቁ። ከ9 ሳምንት በኋላ እንደገና ንግግር አደረጉ፣ እንደገና ተለኩ።

መድኃኒት የወሰዱትም ሲቢቲ የተከታተሉትም ተሽሏቸዋል። በተሻላቸው ሰዎች ላይ በአሚግዳላና በሂፖካምፐስ አካባቢ ያለው የደም ፍሰት ቀንሶ ተገኘ። ተራ የጠበቁት ላይ ይህ አልታየም። እኔን የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። በእነዚያ ክፍሎች ላይ ትልቅ ቅናሽ የታየባቸው ሰዎች ከዓመት በኋላ ሲጠየቁም ደህና ሆነው ነበር። ክኒኑ በደም በኩል፣ ንግግሩ በጆሮ በኩል ገብተው የደረሱበት ቦታ ተቀራራቢ ነው።

ሁለተኛው ጥናት የአሜሪካ ነው፤ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2012 ታተመ። 12 ሰዎች ናቸው፤ ሸረሪት በጣም የሚፈሩ። ሕክምናው የአንድ ቀን ነበር፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ገደማ። ስለ ሸረሪት የሚያምኑትን ነገር ከባለሙያው ጋር እያነሱ፣ ደረጃ በደረጃ ወደ አንድ ትልቅ ሕያው ሸረሪት ቀረቡ። በመጨረሻ ነኩት። ከሕክምናው በፊት የሸረሪት ፎቶ ሲያዩ አሚግዳላቸውና ኢንሱላቸው በኃይል ይሠራ ነበር። ወዲያው ከሕክምናው በኋላ ይህ በረደ፤ የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሥራ ደግሞ ጨመረ። ከስድስት ወር በኋላ ሲመለሱ አሚግዳላቸው እንደተረጋጋ ነበር። የፊተኛው ክፍል ሥራ ግን ቀንሷል።

ይህችን ነገር ቆም ብለን እንያት። መጀመሪያ ላይ ፍርሃቱን ለማብረድ የፊተኛው አንጎል ብዙ ይደክማል። ቆይቶ ድካሙ አያስፈልግም። ሕክምና የጀመረ ሰው "በየቀኑ ከራሴ ጋር እየታገልኩ ልኖር ነው?" ብሎ ይጨነቃል። ምስሉ የሚያሳየው ትግሉ በዚያው እንደማይቀጥል ነው።

ሦስተኛውም ከስዊድን ነው፤ በ2016 የታተመ። በሰው መሃል የሚጨነቁ 26 ሰዎች ተሳተፉ። ግማሾቹ ለ9 ሳምንት ሲቢቲን በኢንተርኔት ተከታተሉ። ከእነሱ ውስጥ የአሚግዳላው መጠን ራሱ በትንሹ ቀንሶ ታየ። ለሚሰነዘርባቸው ትችት የሚሰጠው ምላሽም ቀነሰ። ፊት ለፊት ከባለሙያ ጋር ሳይቀመጡ ነው ይህ የሆነው።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብን። 18፣ 12፣ 26 ሰው ትንሽ ቁጥር ነው። የኋላ ጥናቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት አላገኙም፤ አንዳንዱ አሚግዳላ ላይ፣ አንዳንዱ ሌላ ቦታ ላይ ለውጥ ያያል። ሲቢቲ ለጭንቀት እንደሚሠራ የምናውቀው በብዙ ሺህ ታካሚዎች ላይ ከተደረጉ የሕክምና ሙከራዎች እንጂ ከእነዚህ ምስሎች አይደለም። ምስሎቹ እንዴት እንደሚሠራ ፍንጭ ይሰጣሉ። ስለዚህ "የአንጎል ምስል ተነሳና ጭንቀትህን ልንገርህ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። የአንድን ሰው ጭንቀት በምስል መርምሮ ማወቅ ዛሬም አይቻልም።

ክፍሉ ውስጥ ምን ይደረጋል

አሁን ወደ ሚኒባሷ ልጅ እንመለስ። አንድ የሠለጠነ ባለሙያ ጋር ሄደች እንበል። ከጓደኛ ጨዋታ የሚለየው ምን ይሆን? ጓደኛ ያጽናናል፣ "አይዞሽ፣ ምንም አትሆኚም" ይላል። ይህ ደግ ነገር ነው። ግን አንጎሏን አያስተምረውም። እንዲያውም ማጽናናቱ ሲበዛ ሌላ መሸሻ ይሆናል፤ ያለ አጽናኝ መንቀሳቀስ ያቅታታል።

ባለሙያው መጀመሪያ ፍርሃቷን በዝርዝር ያስነግራታል። "ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው የምትፈሪው?" ይላታል። "ልቤ ይቆማል።" "ከመቶ ስንት ታምኚዋለሽ?" "ዘጠና።" ይህ ቁጥር ይመዘገባል። ለስታትስቲክስ አይደለም። አንጎል በደንብ የሚማረው የጠበቀው ነገር ሳይሆን ሲቀር ነው። ግምቱ በግልጽ ካልተቀመጠ መሳሳቱም በግልጽ አይታይም።

ስሜትን በስሙ መጥራትም ሥራ አለው። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የተቆጣ ወይም የፈራ ፊት አይተው ስሜቱን በቃል ሲሰይሙ የአሚግዳላቸው ምላሽ ይቀንስ ነበር፤ በቀኝ በኩል ያለው የፊተኛ አንጎል ክፍል ሥራ ደግሞ ይጨምር ነበር። በ2012 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሸረሪት የሚፈሩ 88 ሰዎች ወደ ሸረሪት እንዲቀርቡ ተደረገ። አንደኛው ቡድን "ይህ አስቀያሚ ሸረሪት ይዘልብኛል ብዬ ፈርቻለሁ" እያለ ስሜቱን ሳይሸፍን ተናገረ። ሌላው "ትንሽ ናት፣ አትጎዳኝም" እያለ ራሱን አረጋጋ። የተቀሩት ስለ ሌላ ነገር አወሩ ወይም ምንም አልተናገሩም። ከሳምንት በኋላ ሲለኩ ፍርሃታቸውን በስሙ የጠሩት ሰዎች ቆዳ ላይ የሚለካው የድንጋጤ ምልክት ከሌሎቹ ያነሰ ነበር።

ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ያደግነው "ቻለው"፣ "ሆድህ ውስጥ አድርገው"፣ "ወንድ ልጅ አይፈራም" እየተባልን ነው። ልጅ "ፈራሁ" ሲል "ምን ያስፈራሃል!" ብለን እናቋርጠዋለን። ፍርሃቱን እስኪጨርስ ብናዳምጠው ይሻለዋል።

ከንግግሩ ቀጥሎ የሚመጣው መጋፈጥ ነው። የፓኒክ ታካሚ መጀመሪያ ክፍሉ ውስጥ አንድ ደቂቃ በፍጥነት እንዲተነፍስ ይደረጋል። ወይም ደረጃ ይሮጣል፣ ወይም ቆሞ ይሽከረከራል። ዓላማው የሚፈራውን ስሜት ራሱ ላይ ሆን ብሎ ማምጣት ነው። ጣቷን ሲነዝራት ልጅቷ ትደነግጣለች። ከዚያ ስሜቱ በራሱ ሲወርድ ታየዋለች። ልቧ አልቆመም። ያ ዘጠና ወደ ስድሳ ይወርዳል። (የልብ ሕመም፣ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር ሴት ይህን ሐኪም ሳያማክሩ መሞከር የለባቸውም።)

ቀጥሎ ታክሲ ተራ ሄዳ ቆማ መመለስ። ከዚያ አንድ ፌርማታ። ከዚያ መንገድ በሚጨናነቅበት ሰዓት። ከዚያ ያለ እህቷ፣ ቦርሳዋ ውስጥ የምትይዘውን የውኃ ኮዳና ክኒን ሳትይዝ። እነዚህ ትናንሽ መከታዎች ምንም የማይጎዱ ይመስላሉ። አንጎል ግን "የተረፍኩት ውኃው ስላለ ነው" ይላል። ትምህርቱ ይሰናከላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ አይደለም። ዋናው ለውጥ የሚመጣው በቀጠሮዎቹ መካከል፣ መንገድ ላይ፣ ገበያ ውስጥ፣ ስብሰባ ላይ ነው። እንቅልፍም ድርሻ አለው፤ ቀን የተማርነው ነገር አንጎል ውስጥ የሚረጋው ስንተኛ ጭምር ነው። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ስለ እንቅልፍ ደጋግሞ ይጠይቃል።

መድኃኒትና ጸበልስ?

መድኃኒት የንግግር ሕክምና ጠላት አይደለም። ከላይ ያየነው የስዊድን ጥናትም ይህን ያሳያል። ጭንቀቱ ከቤት እንዳይወጣ ላደረገው ሰው መድኃኒቱ መነሻ አቅም ሊሰጠው ይችላል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ዳያዘፓምና መሰሎቹ ቶሎ ያረጋጋሉ። መጋፈጥ ሲደረግ ከተወሰዱ ግን አንጎል ከልምምዱ የሚማረውን ሊያደክሙት ይችላሉ፤ ከተራዘመም ሱስ ያስይዛሉ። ይህን ያነበበ ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት ዛሬ እንዳያቆም አደራ። በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ሐኪሙን ያነጋግር።

የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲበዛ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ጭንቀትም ይመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ አጠቃላይ ምርመራ ማድረግ ብልህነት ነው።

ጸበል የሚጠመቅ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ሰው የንግግር ሕክምናም መከታተል ይችላል። ሁለቱን ማማረጥ የለበትም። ታካሚን እምነቱን እንዲተው የሚጠይቅ ባለሙያ ሥራውን አያውቅም። "ጸሎት አለኝ፣ ሕክምና አያስፈልገኝም" ብሎ ዓመታት ቤት ውስጥ የሚዘጋ ሰው ግን ያሳስበኛል፤ የሚረዳው ነገር እያለ ሕይወቱ ያልፍበታልና።

ፍርሃቱ ሲመለስ

የድሮው ፍርሃት አይፋቅም ብለናል። ስለዚህ አንድ ቀን ሊመለስ ይችላል። ሐዘን ሲደርስ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ፣ ሀገር ሲለወጥ። ብዙ ሰው ይህን ጊዜ "ሕክምናው አልሠራም፣ ድሮም ወሬ ነበር" ይላል። አንጎሉ ውስጥ ያለው ነገር ግን ሌላ ነው። የመረጋጋቱ ትዝታ አልጠፋም፤ በአዲሱ ቦታና ሁኔታ ገና አልተለማመደም። ልምምዱ ሲደገም መረጋጋቱ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው በፈጠነ ሁኔታ ይመለሳል። ጥሩ ባለሙያ የመጨረሻዎቹን ቀጠሮዎች ለዚህ ያውላቸዋል። ፍርሃቱ መቼ ሊመለስ እንደሚችል፣ ሲመለስ የመጀመሪያዋ ሳምንት ምን መደረግ እንዳለበት አብረው ይጽፋሉ።

ባለሙያ ከየት ይገኛል?

ይህ የሚያናድደኝ ጥያቄ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ደረጃ ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ነው። ከዚያ በፊት ሐኪሞቹ ለዚህ ትምህርት ውጭ መሄድ ነበረባቸው። ዛሬ ቁጥራቸው አድጓል፤ ለሕዝቡ ግን አይበቃም። በንግግር ሕክምና የሠለጠኑት ደግሞ አብዛኞቹ ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ናቸው።

መንገድ የለም ማለት ግን አይደለም። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም የሰፈር አያቶችን አሠልጥኖ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ሰው መጥቶ ችግሩን ይነግራቸዋል፤ አያቶቹ አንዱን ችግር መርጠው ደረጃ በደረጃ እንዲፈታ ይረዱታል። በ2016 በታተመ ሙከራ 573 ሰዎች ተሳትፈው፣ ከአያቶቹ ጋር ወንበሩ ላይ ተቀምጠው የተረዱት ሰዎች የጭንቀትና የድብርት ምልክታቸው ከሌሎቹ በግልጽ ቀንሶ ተገኝቷል። ትልቅ ሆስፒታል አላስፈለጋቸውም። እድርና ማኅበር ባለበት ሀገር እንዲህ ያለው ነገር የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

እስከዚያው ባለሙያ ያገኘ ሰው በመጀመሪያው ቀጠሮ እነዚህን ይጠይቅ። የእኔ ዓይነት ጭንቀት ላይ ሠርተህ ታውቃለህ? በምን ዘዴ ነው የምንሠራው? የምሸሸውን ነገር እንድጋፈጥ ትረዳኛለህ? በቀጠሮዎቹ መካከል ቤቴ የምሠራው ነገር ትሰጠኛለህ? ለውጥ መኖሩን በምን እናውቃለን? ለእነዚህ ግልጽ መልስ የሌለው፣ ወር ከወር ታሪክ ብቻ እያስተረከ የሚያሰናብት ከሆነ ሌላ መፈለግ ነውር የለውም።